ላልገባ ሰው አይነሱም

ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ የደረሰብኝ ነገር ለሰሚው ግራ ይሆናል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ትዳር ይዤ አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ከገባሁ ወዲህም ያው ነኝ። ባቄላና ምስር እነግዳለሁ። ዛሬ ወገዳ፣ ነገ ንፋስ መውጫ፣ አርብ አርብ ደግሞ እዚሁ ደጄ ላይ። ባሌ ጌታነህ አራሽ ነው፤ እሱ ከበሬዎቹ ጋር ሲውል እኔ ከመንገድ ጋር እውላለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት "ተኝተሽ ክረሚ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ይህን የምጽፈው አጥንቱ ተሰብሮ ለተኛ ሰው ነው። የተሰበረ ሰው ሊጠይቅ ለሚሄድም ጭምር ነው፤ እንዲያውም ለእሱ ይብሳል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ከወገዳ ገበያ ስመለስ እህል የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ከጭነቱ ላይ ወጣሁ። ጋቢና ውስጥ ቦታ የለም፤ ደግሞስ ማን ጋቢና ለምዶ! ሁላችንም ከማዳበሪያው ላይ ተቀምጠን ስንሄድ ነው የኖርነው። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራተተና እኔም ከነተቀመጥኩበት ወረድኩ። መሬት የደረስኩት በግራ ጎኔ ነው። አንድ ማዳበሪያ ባቄላ ደግሞ ተከትሎኝ መጣና ላዬ ላይ አረፈ። የገዛ ባቄላዬ!

መጀመሪያ ያሰብኩት ተነስቼ ቀሚሴን ማራገፍ ነው። ሰው እያየኝ መሬት ላይ መንከባለሌ አሳፈረኝ። ብድግ ልል ስሞክር ግን ከወገቤ በታች ያለው ሰውነት የእኔ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው። እግሬን አዘዋለሁ፣ አይሰማኝም። ከዚያ ሕመሙ መጣ። ኧረ በስመ አብ! ምጥ አይቻለሁ፣ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

ቤት አድርሰውኝ መደብ ላይ አስተኙኝ። ወጌሻ ተጠራ። ሰውዬው በሰፈራችን የተመሰገነ ነው፤ የስንቱን ክንድ መልሷል። ዳበሰኝና "ጭኗ ከመጋጠሚያው ወጥቷል፣ ይመለሳል" አለ። ሁለት ጎልማሳ ትከሻዬን ያዙ፣ እሱ እግሬን ይዞ ሳበ። ጩኸቴ ገበያው ድረስ ተሰምቶ ነበር አሉ። አልቀየምኩትም፣ የሚያውቀውን ነው ያደረገ። ወጌሻ ለወለምታ ደግ ነው። ዳሌ ግን ወለምታ አይደለም፤ መኪና ወይም ገደል የጣለውን ሰው እግሩን አትሳቡ፣ በሞቴ!

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። እዚያ ራጅ የለም። ባለሙያው ጫን ጫን አድርጎ አየኝና "አጥንት አልተነካም፣ ምት ነው፣ እረፊ" ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። "ምት ነው" ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል! ሳምንት ሳይሞላ ገበያ እወጣለሁ ብዬ ቆጠርኩ። ግን መገላበጥ አቃተኝ። ሆዴ ከታች ተነፋ፣ ሽንቴ ቀይ ሆነ። ይህንን ለማን ልናገር? አፈርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ኖሬ፣ እኔው ደበቅሁት።

ያወጣችኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ ጨውና ጨርቅ የምትነግድ ጓደኛዬ ናት፤ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፤ ከእህት አላሳንሳትም። ልትጠይቀኝ መጥታ ልብሴን ልትቀይርልኝ ስትገልጠኝ ጎኔ ጠቁሮ አየች። "ያ አላህ! ይቺ ሴትዮ ልትሞት ነው! ጌታነህ፣ ምን ያስቀምጥሃል? መኪና ጥራ እንጂ!" ብላ ጮኸች። ጌታነህ ያን ጊዜ በሬ ሊጠምድ ሲወጣ ነበር፤ ሞፈሩን እንደ ያዘ ሮጠ።

ንፋስ መውጫ ራጅ ተነሳሁ። ፎቶውን ያየችው ሐኪም ፊቷ ተለወጠ። "ዳሌሽ ተሰብሯል፣ ከፊትም ከኋላም" አለችኝና ለባሕር ዳር ሪፈር ጻፈች። የዚያን መንገድ ነገር አልተርከውም። ኮረኮንቹን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ስነግድ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ስሙን ነገረኝ።

ባሕር ዳር ሆስፒታሉ ሞልቷል። ኮሪደር ላይ ከነቃሬዛዬ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ልበል እንጂ ተጋደምኩ። የሚያልፈው ሁሉ ነጭ ጋወን ለብሶ ይሮጣል፤ "እኔን ነው፣ ወደ እኔ ነው" እላለሁ፣ ያልፈኛል። ጌታነህ ከካርድ ክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ላቦራቶሪ ይመላለሳል። አጠገቤ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣች ሴት ነበረች፣ ባሏን እያስታመመች። ሳቃስት ቆይቼ ዝም ስል አየችኝና፣ ያላትን ነጠላ አጥፋ ቀስ ብላ ከጉልበቶቼ መካከል አስገባችልኝ። ሕመሙ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። "ማን አስተማረሽ?" አልኳት። "የተኛሁበት ጊዜ ነበረኝ" አለች። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ተጠራሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጺሙ ገና አልጠነከረም። ደግነቱ ያስረዳል። "ዳሌ ቀለበት ነው" አለኝ። "ቀለበት አንድ ቦታ ብቻ ተሰብሮ አይቀርም። ያንቺ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተከፍቷል። በብረትና በብሎን እንዘጋዋለን።" ብሎን ሲል እንደ በር ብሎን መሰለኝና ሳቅ አፈነኝ። ከዚያ ወዲያው ፍርሃቱ መጣ። ማታውን ሙሉ ያ ማዳበሪያ እየተንሸራተተ ሲመጣብኝ አየሁ። ልጆቼ ንፋስ መውጫ ተከራይተው ነው የሚማሩ፤ እኔ ካልነገድኩ ማን ያስተምራቸዋል? ሞትንስ አልፈራሁም፤ የፈራሁት አለመሄድን ነው።

ብሎኑ ገባ፣ ከማደንዘዣው ነቃሁ፣ ከመሞት መሰንበት ብለው ሁሉም ደስ አላቸው። ወጪውን አልነግራችሁም፤ ጌታነህ እንኳ ሙሉውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፦ ሦስት ወር ያህል በግራ እግሬ መሬት እንዳልረግጥ፣ ክብደት እንዳልጥልበት። "አትነሺ" አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።

እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ይጀምራል።

ቤት ስገባ ጠያቂው ጎረፈ። እንቁላል የያዘ፣ ወተት የያዘ፣ ማር የያዘ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰው ማለት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የንስሐ አባታችን ገቡ። እኔ ሳላስበው ክርኔ ተነሳ፣ ግራ እግሬ ወለሉን ረገጠና ከአልጋዬ ግማሽ ብድግ አልኩ። "ኖር አባ!" እሳቸውም እጃቸውን እያወዛወዙ፣ "በእግዜር! በእግዜር! በሞቴ እንዳትነሺ!" አሉ። ከዚያ የእድራችን ዳኛ መጡ። "ኖር!" "በእግዜር፣ ኧረ አትነሺ ልጄ!" ከዚያ የጌታነህ አክስት። ከዚያ ሌላ ሽማግሌ። ቀኑን ሙሉ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ።

እውነቱን እንነጋገር። በእኛ አገር "አትነሺ" የሚባለው ለተነሳ ሰው ነው። ሳይነሳ "አትነሺ" የተባለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው "አትነሺ" የሚልሽ መነሳትሽን አይቶ ስለ ደስ አለው ነው። እናም ሁሉም አትነሺ ይሉኛል፣ እኔም ለሁሉም እነሳለሁ። የሐኪሙንም "አትነሺ" እንደ ወጉ ቆጥሬው ይሆን? እንጃ! አእምሮዬ አልቆጠረውም፣ ሰውነቴ ግን ቆጥሮታል።

ከሁሉ በላይ ያስነሱኝ አማቴ ናቸው። አባባ ካሴ እንላቸዋለን። ከእኛው ግቢ ውስጥ በራሳቸው ቤት ነው የሚኖሩ፤ ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጠዋትና ማታ ሳይጠይቁኝ አይውሉም። ደግ ናቸው፣ ግን ወግ ላይ ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ ዝክር ተጠርተው ሲገቡ አንድ ጸሐፊ ስልኩን እየነካካ አልተነሳላቸውም። ከደፉ ላይ ተመለሱ፣ ጠላውንም ሳይቀምሱ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቤት አልረገጡትም። እኔ ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ሳልነሳላቸው የቀረሁበት ቀን የለም። አራስ ሆኜ እንኳ ተነስቼላቸዋለሁ።

ለቀጠሮዬ ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ ይዞ አየ፣ አሁንም አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

"ማነው ያስነሳሽ?" አለኝ።

"ኧረ ማንም አላስነሳኝም! ሁሉም አትነሺ ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ ይሄ ብሎን በምን ላላ?"

እውነቱ አመለጠኝ፦ "ሽማግሌ ሲገባ ምን ላድርግ? ተጋድሜ ልያቸው?"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ጌታነህን አየው። ጌታነህ ጣራውን ያያል። "የኔም እናት እንደዚሁ ናት" አለ ሐኪሙ፤ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። "ስሚኝ እትዬ። ብሎኑ ትንሽ ተነቃንቋል፣ ገና አላመለጠም። ከዚህ በላይ ከላላ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፣ እግርሽ ያጥራል። እንደገና እንክፈተው ብንል ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ያን ጊዜ ገበያ መዞር የለም፤ በዱላ ከደጅሽ ከወጣሽ ትልቅ ነገር ነው። ንጉሥ ቢመጣ አትነሺ።"

የዚህኛው "አትነሺ" ሌላ መሆኑ ገባኝ። መኪናው ውስጥ እስከ ደብረ ታቦር ይህንኑ ሳሰላስል ሄድኩ። እኔ ለመኖር ያለኝ እግር ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? ሰው ሁሉ ወግ አጠፋች ይበለኝ፣ ዳሌዬን ከምጥል ወጌን ልጣል አልኩ። ማለት ቀላል ነው።

ቤት ገብቼ የሽቦ አልጋዬ ላይ እንደ ተጋደምኩ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ካሴ! ጌታነህ መኪና ሊሸኝ ወጥቷል። አጎንብሰው በሩን ሲያልፉ ክርኔ ሊነሳ ፈለገ፤ የአልጋውን ብረት በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ አልነሳም። ሐኪሙ ከልክሎኛል።"

ቆሙ። እኔን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ እጄ ብረቱን እንዴት እንደ ያዘ አዩ። ከዚያ ዱላቸውን አዙረው በመጡበት ወጡ። እንዴት ነሽ እንኳ አላሉኝም።

ጌታነህ ሲመለስ ነገሩን ከእኔው ሰማና ፊቱ ጠቆረ። "ቀስ ብዬ እኔ እነግራቸው የለም ወይ? በሩ ላይ ሳሉ እንዲህ ይባላል?"

"እየገቡ እኮ ነው! መቼ ልትነግራቸው ነው?"

"አባቴ እኮ ናቸው፣ የሻረግ!"

"ዳሌው ያንተ ቢሆን ኖሮ አይህ ነበር!" አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት፣ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ። ያን ማታ ሳንነጋገር አደርን። አለቀስኩ። ለብሎኑ ይሁን ለሳቸው፣ ዛሬም አላውቀውም።

በማግስቱ አባባ ካሴ ጠዋትም አልመጡ፣ ማታም አልመጡ። አልጋው ላይ ሆኜ በሩን ስጠብቅ ዋልኩ። የዱላ ድምፅ የሰማሁ ሲመስለኝ በግ ነው፣ ዶሮ ነው። ይኸው ከጸሐፊው እኩል ሆንኩ አልኩ። ሁለት ጊዜ ለመነሳት አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው! ሰው ስለ ክብር ብሎ ዳሌውን ይጥላል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከራስጌዬ ካለችው ትንሽ መስኮት ውጭ፣ ከግድግዳው ጋር አንድ ነገር ተጋጨ። በርጩማ ነው። ሳል ተሰማ። ከዚያ፦

"የሻረግ!"

ክርኔ ወዲያው ተነሳ። አልጋው ሲጢጥ አለ።

"ተይ! የት ልትነሺ ነው?" አሉኝ ከውጭ። "አልገባሁም እኮ። ላልገባ ሰው አይነሱም።"

ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። "አባባ፣ የተቀየሙኝ መስሎኝ..."

"ተቀይሜ ነበር" አሉ፣ ሳይደብቁ። "አንድ ቀን ሙሉ ተቀየምኩ። ማታውን ሳስበው ያ ያንቺ እጅ ብረቱን የያዘበት አያያዝ ታየኝ። ላለመነሳት እንደዚያ የሚታገል ሰው አይቼ አላውቅም። ከመነሳት ይበልጣል አልኩ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ እዚያ መስኮት ሥር ተቀመጡ። ጠዋት የከብቶቹን በረት እየዞሩ የሚያዩትን ያያሉ፣ ከዚያ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጠያቂ ሲመጣ እሳቸው ናቸው ዘበኛው። "ከዚሁ ጠይቋት! ከዚሁ!" ይላሉ። የንስሐ አባታችን እንኳ መጥተው "አባ፣ ከዚሁ ይባርኳት" ተባሉ፤ ጠበሉ በመስኮት ገባልኝ፣ ትራሴ ራሰ። አንዳንዱ ያጉረመርማል፤ "የጌታነህ ሚስት ኮራች" ያለም አለ። ሰማሁት፣ በእኔና በሱ መካከል የግድግዳው ጭቃ ብቻ ነው ያለው። አባባ ካሴ "ኩራቷ ብረት ነው፣ ሐኪም ያስገባው" ብለው መለሱለት።

ዝናብ ሲመጣ አንዲት ጥላ አለቻቸው፣ ግማሿ የተቀደደ። አንድ ቀን በረዶ ጣለና ጮኽኩ፦ "አባባ፣ ይግቡ፣ በሞቴ! ይመታዎታል!"

"ገብቼስ? ብድግ ልትዪ? በረዶው ይሻለኛል።"

ስገላበጥ የአልጋው ሽቦ ይጮኻል፤ ያንን ደግሞ ይሰማሉ። "የሻረግ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" "ልገላበጥ ነው አባባ።" "አሁን አልተገላበጥሽም እንዴ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንቺ እህል ነጋዴ ነሽ፣ ይሄንን እኔ ልንገርሽ?" እየተናደድኩ እስቃለሁ። ሲበሳጩብኝም ስለ ዘር፣ ስለ በሬዎቹ፣ ማን ከማን በድንበር እንደ ተጣላ ያወሩልኛል። ሐኪም ቤት ልሄድ ሲያወጡኝ እንኳ ብድግ እንዳልል ከቤቱ ጀርባ ስለሚቆዩ አንድም ቀን ፊታቸውን አላየሁም፣ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ከአባባ ካሴ ጋር አውርቼ አላውቅም።

ጌታነህም ቀስ እያለ ተመለሰ። ይቅርታ አላለኝም፣ እሱ በአፍ ይቅርታ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አንድ ማለዳ መጋዝ ይዞ ወጣና አንድ ወንበር መሃሉን በስቶ መጣ። ለሽንት ቤት ነው፤ ቁጢጥ ማለት ተከልክያለሁ፣ ያ ነገር ከሕመሙ በላይ ሲያሰቃየኝ ነበር። ዙሪያውን በምላጭ ልጎ አለሳልሶታል። ወንበሩን ሳይ ኩርፊያው ሁሉ ከሆዴ ወጣ። ልጆቼ ትምህርት ሲዘጋ መጡና ቤቱን ያዙልኝ። ዘይነባ ደግሞ አርብ ማታ ገበያው ሲበተን ትገባለች፤ እኩያዬ ናት፣ ለሷ ብድግ አይባልም። "ማን ምን ገዛ፣ ባቄላ ስንት ገባ" እያለች ገበያውን ሁሉ አልጋዬ ላይ ትዘረግፈዋለች። ስትወጣ ይብስብኛል። እግሬ ብርድ ልብሱ ውስጥ መንገድ ይሄዳል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ራጁን አይቶ "ይዟል" አለ። አንድ ቃል ናት። "ይዟል!" ብዬ ደገምኩት። ብሎኑ ካለበት አልተነቃነቀም፣ አጥንቱ ገጥሟል። ክራንች ተሰጠኝ፣ ጣቴን መሬት ማስነካት ተፈቀደልኝ።

መሄድ የምጀምር መስሎኝ ነበር። አይ እቴ! ጭኔ ሟሟ፣ ጡንቻው አልቋል፤ እግሬ ሰንበት ብሎ እንደ ተመለሰ እንግዳ ሆነብኝ። ፊዚዮቴራፒ ይሉታል፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ማለት ነው፤ የምታሠራኝ ወጣት ሴት ናት፣ ሳቂታ ግን ጨካኝ። ጉልበት ማጠፍ፣ ተጋድሞ ወገብ ማንሳት፣ ጎን ማዞር። ቶሎ ቶሎ ስሠራ ትቆጣኛለች። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትላለች። "እኔ እንቁላል አይደለሁም" አልኳት፤ ሳቀችና "እንቁላሉ ካንቺ ይፈጥናል" አለችኝ። በመጨረሻ የሰጠችኝን ልምምድ ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩም። "ከወንበር ላይ፣ ሳትደገፊ፣ ክብደትሽን በሁለቱም እግር እኩል ጥለሽ ብድግ በይ፣ ቁጭ በይ። ደጋግመሽ።"

ለካ የሚያድነኝም እሱ ነው! ያን ጊዜ ያጠፋኝ ነገር አሁን መድኃኒት ሆኖ ታዘዘልኝ፤ ጊዜውን ስላልጠበቅሁለት ብቻ ነው የጎዳኝ። ቤት ገብቼ ከአልጋው ወርጄ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ አግዳሚ አይጮህም። አባባ ካሴ ከውጭ ስለ ዘር ሲያወሩኝ እኔ ከውስጥ ድምፄን አጥፍቼ ብድግ እላለሁ፣ እወድቃለሁ፣ እንደገና ብድግ እላለሁ። "ምነው ትንፋሽሽ አጠረ?" ይሉኛል። "ሙቀቱ ነው አባባ።" መስከረም ላይ ምን ሙቀት! አላመኑኝም፣ ግን ወሬያቸውን ቀጠሉ።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁና የመጨረሻውን ቀን አውርቼ ላብቃ። ገበያ እሄዳለሁ። ብርድ ሲሆን ጎኔ ይቆረጥመኛል፣ ቁልቁለት ላይ ዱላ እይዛለሁ፣ ቁጢጥ ማለት ገና ያስቸግረኛል። ጭነት ላይ አልወጣም፤ ጋቢና ከሌለ መኪናው ይለፈኝ። ወድቆ መራመድ ያቃተው ሰው ካያችሁ ሳትስቡት፣ ሳታሹት ራጅ ወዳለበት ውሰዱት። ሽንቱ ከቀላ አታሳፍሩት፣ ጠይቁት። እናንተም ሽማግሌዎቻችን፣ አፈር ስሆን፣ የተሰበረ ሰው ቤት ስትገቡ አስቀድማችሁ ከደጅ ሆናችሁ "አልገባሁም" በሉት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አባባ ካሴ እንደ ልማዳቸው በርጩማቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጌታነህ ግቢው ውስጥ የማረሻውን ወገል ያበጃል። እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ፣ ክራንቼን ግድግዳ አስደግፌዋለሁ።

"አባባ" አልኩ፣ "ይግቡ።"

"ምን ሆንሽ?" አሉ።

"ምንም አልሆንኩም። ይግቡ እላለሁ።"

"ገብቼ ብድግ ልትዪ ነው።"

"አዎ" አልኩ። "እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ልጅ ፈቅዳለች። ታዝዤ ነው።"

በርጩማው ተነሳ። ዱላው ቤቱን ዞረ። ጥላቸው በሩ ላይ ወደቀ፣ አጎንብሰው ገቡ። ከሰኔ ወዲህ ፊታቸውን ማየቴ ነው፤ ክረምቱ አክስቷቸዋል። ሁለቱንም እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩ፣ ግራውንም ቀኙንም እኩል፣ እጄን ከአግዳሚው አነሳሁና ቆምኩ።

"ኖር አባባ!"

"በእግዜር" አላሉም። "አትነሺ" አላሉም። ከደፉ ላይ ቆመው ያዩኛል። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላብ አጠመቀኝ። ጌታነህ ከበሩ ብቅ አለና ደነገጠ፦ "አባባ! ተቀመጪ በሏት እንጂ፣ እየተንቀጠቀጠች እኮ ነው!"

"ዝም በል አንተ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ። "ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ነው ያየሁ። ቆይ ቆማ ልያት።"